የሲቪል ምህንድስና ቴክኒሺያንና የድራፍትስማን የሥራ ዕድል
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ ሕንፃ ሲመረቅ በእብነ በረዱ ላይ የሚጻፈው የባለቤቱ፣ የአማካሪውና የሥራ ተቋራጩ ስም ነው። ችካሉን የተከለው ቀያሽ፣ የፌሮውን ዝርዝር ያወጣው የንድፍ ሠራተኛ፣ ኮንክሪቱን በኪዩብ ሞልቶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን የመረመረው የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ስማቸው አይጻፍም። ይህ በራሱ ትልቅ በደል ላይሆን ይችላል። ስሙ ያልተጻፈለት ሰው የድካሙ ዋጋ በአግባቡ ከተከፈለውና ነገ የሚያድግበት መንገድ ከታየው በሥራው ሊረካ ይችላል። የዚህ ንግግር መነሻም ይኸው የማደጊያ መንገድ ነው። ዛሬ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቶ ቅየሳ፣ ድራፍቲንግ ወይም የግንባታ ቴክኖሎጂ የሚማር ወጣት ከምረቃው በኋላ ምን ዓይነት ሥራ ይጠብቀዋል? ሥራውስ ወዴት ያደርሰዋል?

ጥያቄው ከቀድሞው ይልቅ አሁን አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ከእነዚህ ቀጥለው ያሉት የተወሰኑ ተማሪዎች በአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ቢያገኙም፣ የቀሩት እጅግ ይበዛሉ። ትናንት «ያልቀናው የሚሄድበት» ይባል የነበረው የቴክኒክና ሙያ መንገድ የብዙኃኑ ወጣት መንገድ በመሆን ላይ ነው። ስለዚህ በመንገዱ መጨረሻ እውነተኛ ሙያ መኖር አለመኖሩ የጥቂት ሠልጣኞች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የትውልድ ጉዳይ ሆኗል።

የሙያው ድርሻ

በኢትዮጵያ ቴክኒሺያን የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «መሐንዲስ መሆን ያልቻለ» በሚል ትርጉም ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የሙያዎች ምደባ ውስጥ ሲቪል መሐንዲስ በቁጥር 2142፣ የሲቪል ምህንድስና ቴክኒሺያን በቁጥር 3112፣ ወንድም ሆነ ሴት በተለምዶ ድራፍትስማን እየተባለ የሚጠራው የንድፍ ሠራተኛ ደግሞ በቁጥር 3118 ተመዝግበው ይገኛሉ። ሦስቱ ራሳቸውን የቻሉ ሙያዎች ናቸው። መሐንዲሱ መዋቅሩ የሚሸከመው ጭነት ምን ያህል እንደሆነ፣ በምን ዓይነት ቅርጽና መጠን ሊሸከመው እንደሚችል ይወስናል። ቴክኒሺያኑ የተወሰነው ነገር በመሬት ላይ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ከፍታና በተባለው ጥራት መፈጸሙን ይለካል፣ ይመረምራል፣ ይመዘግባል። ድራፍትስማኑ ደግሞ ሁለቱ የሚግባቡበትን ቋንቋ ይጽፋል፤ በስሌት ወረቀት ላይ ያለው ሐሳብ ፌራዮውና አናጢው ሊያነቡት ወደሚችሉት ሥዕል የሚለወጠው በእርሱ እጅ ነው።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ አንድ ተቋራጭ ለቢም የሚሆን ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ5 ሜትር ርዝመት 200 ቁራጭ አስፈለገው እንበል። ፌሮ በገበያ የሚገኘው በ12 ሜትር ርዝመት ነው። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቁራጭ ሲወጣ 2 ሜትር ይተርፋል፤ 100 ፌሮ ሲቆረጥ ትርፉ 200 ሜትር ይሆናል። ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሜትር 1.58 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ተቆርጦ የተጣለው ብረት 316 ኪሎ ግራም ነው ማለት ነው፤ ይህም ከተገዛው ስድስት እጅ አንዱ ነው። አንድ ትጉህ ድራፍትስማን የአቆራረጡን ሰንጠረዥ በሚያዘጋጅበት ጊዜ በሌላ ቢም ላይ የሚፈለጉትን የ7 ሜትር ቁራጮች ከ5 ሜትሮቹ ጋር ቢያጣምራቸው፣ 12 ሜትሩ ያለ ትርፍ ያልቃል። ይህ ስሌት አራት የሒሳብ መደቦችን ከማወቅ የበለጠ ትምህርት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ንድፉን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብና ጊዜው ለዚሁ ሥራ የተመደበ ሰው ነው። የዳነው ብረት ለዚያ ሰው የስንት ወር ደመወዝ እንደሚሆን ማስላት ለአድማጩ ይተዋል።

መሰላሉ እንዴት ተሠራ፣ እንዴትስ ተሰበረ

በኢትዮጵያ የግንባታ ቦታዎች ላይ የሚነገረው ቋንቋ የሙያውን ታሪክ ይዞ ይገኛል። ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፣ ካፖ የሚሉት ቃላት ከኢጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ከእነዚሁ ጋር የመጣ ጂኦሜትራ የሚል ቃልም ነበር። በኢጣሊያ ጂኦሜትራ የሚባለው መካከለኛ ባለሙያ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የታወቀ የሥራ ወሰንና የራሱ የሙያ መዝገብ ያለው ሲሆን፣ መጠነኛ ሕንፃዎችን እስከ መንደፍ ድረስ ይፈቀድለታል። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ግን ቃሉ ነው፤ ሕጋዊው ማዕረግ አብሮት አልገባም።

የሆነ ሆኖ መካከለኛ ባለሙያን የማፍራቱ ሥራ ዘግይቶ አልተጀመረም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም መንገዶቹን የሚቀይሱና አፈሩን የሚመረምሩ ሰዎች በገበያ ላይ ስላልነበሩ፣ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን ከሥራው ጎን ለጎን ማሠልጠን ነበረበት። የአዲስ አበባው ተግባረ እድ ትምህርት ቤት የእጅ ባለሙያዎችን ያወጣ ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ የምህንድስና ኮሌጁና በስዊድን መንግሥት ትብብር የቆመው የሕንፃ ኮሌጅ ተከታትለው ሥራ ጀመሩ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ ሲቪል ምህንድስናን ባያጠቃልልም፣ ቴክኒሺያን የሚባለውን ሰው በስሙ ጠርቶ ለማሠልጠን የተቋቋመ ነበር። በ1970ዎቹ ማብቂያ የተከፈተው የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ከዲግሪው ጎን የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጥ ነበር።

በዚያ ዘመን የነበረው ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም ለማለት አይደለም፤ የሚማረው ሰው ቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር። ነገር ግን መሰላል ነበረው። ዲፕሎማ የያዘ ቀያሽ ወይም ድራፍትስማን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የታወቀ ደረጃ ይሰጠው ነበር፤ ከበላዩ የሚያርመው ሰው፣ ከበታቹ የሚያስተምረው ጀማሪ ነበረው፤ የበረታውም በማታ ትምህርት ወደ ዲግሪ የሚሻገርበት በር አልተዘጋበትም።

በ1990ዎቹ ሁለት ለውጦች በአንድነት መጡ። የመጀመሪያው የሥራው መብዛት ነው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ የመንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ከ110,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። በ1998 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም በስፋት ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ የሚያገናኘው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ተከተለ። ሁለተኛው ለውጥ የትምህርቱ አደረጃጀት ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የዲፕሎማ ፕሮግራሞቻቸውን ቀስ በቀስ እያቆሙ መካከለኛውን ሥልጠና ለቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለቀቁ፤ በ1996 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 391 ወጣ፤ ከዚያም በደረጃ የተከፋፈለ የሙያ ምዘና ተዘረጋ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች ሰባ በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ተወሰነ።

እያንዳንዱ እርምጃ ለየብቻው ሲታይ ምክንያት ነበረው። ሲደመሩ ያስከተሉት ውጤት ግን ሌላ ነው። ግንባታው በደራበት ወቅት ለሁሉም ሥራ ስለነበረ ችግሩ አልታየም። በኋላ በውጭ ምንዛሪና በሲሚንቶ እጥረት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት፣ እንዲሁም በግንባታ ዕቃዎች ዋጋ መናር ምክንያት ብዙ ፕሮጀክቶች ሲቀዘቅዙ፣ ሥራ ያጣው ዲግሪ ያለው ወጣት ወደ ቴክኒሺያኑ መደብ ወረደ። ቴክኒሺያኑ ደግሞ ወደ ፎርማን ረዳትነትና ወደ ቀን ሥራ ተገፋ፤ ከእርሱ በታች የሚወርድበት ስፍራ የሌለው የደረጃ 2 እና የደረጃ 3 ሠልጣኝም ሙያውን ትቶ ሄደ። መሰላሉ የተሰበረው በዚህ ሁኔታ ነው።

ኮምፒዩተሩ የወሰደውና የተወው

ስለ ድራፍትስማን ሲነሣ ብዙዎች «ይህን ሥራ ኮምፒዩተሩ ጨርሶታል» ይላሉ። አባባሉ ከፊሉ እውነት ስለሆነ እውነት የሆነውን ክፍል ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

በቀድሞው የንድፍ ክፍል ድራፍትስማን በዘንበል ጠረጴዛ ላይ ቲ-ስኩዌሩን አስደግፎ፣ በብራና መሰል ወረቀት ላይ በራፒዶግራፍ ብዕር ይሠራ ነበር። ለመጠን መስመር 0.25፣ ለግድግዳ 0.5፣ ለተቆረጠ ክፍል 0.7 ሚሊ ሜትር ብዕር ይመርጣል። የተሳሳተውን ቀለም በምላጭ ይፍቃል። ያለቀው ሥራ በአሞኒያ በሚሠራው የኦዛሊድ መሣሪያ ይባዛል። አንድ ሕንፃ ሲሻሻል መላው ገጽ እንደገና ይቀዳ ስለነበር፣ ከድካሙ ብዙው የመቅዳት ድካም ነበር። አውቶካድ በ1975 ዓ.ም. በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ቀርቦ፣ ከዓመታት በኋላም በኢትዮጵያ ቢሮዎች ከተስፋፋ ወዲህ ይህ የመቅዳት ሥራ ጠፍቷል። ተመልሶም አይመጣም። መቅዳትን ብቻ የሚያውቅ ድራፍትስማን የሥራ ዕድል እንደሌለው በግልጽ ሊነገረው ይገባል። የሕንፃውን ሦስት ገጽታ በአንድ ሞዴል ይዘው ቁርጡንና ከፍታውን በራሳቸው የሚያወጡ እንደ ሬቪት ያሉ ፕሮግራሞች ይህን ይበልጥ ያጠናክሩታል።

ኮምፒዩተሩ ያልወሰደው ግን አለ። የአርክቴክቱ ኮለን ከስትራክቸሩ ኮለን ጋር በአንድ አክስ ላይ መዋሉን፣ የፍሳሽ ቧንቧው ቢሙን አቋርጦ አለመሄዱን፣ የደረጃው ከፍታ ድምር ከወለል እስከ ወለል ካለው ልክ ጋር መግጠሙን የሚያረጋግጥ ዓይን አሁንም ያስፈልጋል። የትኛው ቅጂ የመጨረሻው እንደሆነ የሚቆጣጠር፣ ለፌራዮው የሾፕ ድሮዊንግ የሚያወጣ፣ በሥራ ላይ የተለወጠውን ሁሉ መዝግቦ የአዝ ቢልት ንድፍ የሚያስረክብ ሰው ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ መስመሩን ያሰምራል፤ መስመሩ እዚያ መሆን ይገባው እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው ነው።

በማንኛውም ንድፍ ጥግ ላይ ባለው ታይትል ብሎክ «የነደፈው»፣ «ያረጋገጠው»፣ «ያጸደቀው» የሚሉ ሦስት ሣጥኖች አሉ። ሣጥኖቹ ሦስት የሆኑት ለጌጥ አይደለም፤ አንዱ ዓይን የሳተውን ሌላው እንዲይዘው ነው። ድራፍትስማኑ ከቢሮው ከወጣ ወዲህ በብዙ ንድፎች ላይ በሦስቱም ሣጥን የአንድ ሰው ስም ፊደላት ይታያሉ። ስሌቱን የሠራው፣ ያሰመረው፣ ያረመውና የፈረመበት ያው አንድ የደከመ ሰው ነው። ለአንድ ደመወዝ ቅነሳ ሲባል የተወገደው የስሕተት ማጣሪያ ወንፊት መሆኑን አሠሪው የሚረዳው ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ነው።

ሥራው ያለባቸው ቦታዎች

የሥራ ዕድል አለ ወይስ የለም ተብሎ ሲጠየቅ፣ በአዲስ ሕንፃ ግንባታ ብቻ መለካት ወደ ተሳሳተ መልስ ይወስዳል። ቢያንስ አምስት መስኮችን መቁጠር ይቻላል።

አንደኛው የመሬት ልኬትና ምዝገባ ነው። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 በ2006 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ እያንዳንዱ ቁራሽ ይዞታ በኮኦርዲኔት ተለክቶ እንዲመዘገብ ይፈለጋል። በገጠርም የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ከአየር በተነሣ ምስል ላይ ወሰንን ለይቶ ማስመርን ይጠይቃል። ይህ ሥራ የቶታል ስቴሽንና የሳተላይት መቀበያ መሣሪያ የሚያውቅ ቀያሽ፣ እንዲሁም የካርታ ንድፍ ሠራተኛ የሚፈልግ ነው። አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅም አይደለም፤ መሬት በተሸጠ፣ በተወረሰና በተከፈለ ቁጥር ልኬቱ ይታደሳል።

ሁለተኛው ጥገና ነው። ከ110,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ የሠራ አገር በየዓመቱ የተቦረቦረውን፣ የተሰነጠቀውንና ካልቨርቱ የተደፈነውን የሚመዘግብ ሰው ያስፈልገዋል። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ የጣራ ውኃ ማስገባት፣ የፍሳሽ መስመር መበላሸትና የፌሮ ዝገት በሚቀጥሉት ዓመታት የሚበዙ ጥያቄዎች ናቸው። የጥገና ሥራ ትልቅ ስሌት ብዙ ጊዜ አይፈልግም፤ ትዕግሥት ያለው ምርመራና ሐቀኛ መዝገብ ግን ይፈልጋል። ይህም የቴክኒሺያን ሥራ ነው።

ሦስተኛው የዕቃዎችና የአፈር ምርመራ ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት የተሞላበት ሥራ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ የሚገባው ጠጠር፣ አሸዋና ሲሚንቶ ሳይመረመር ሊያልፍ አይችልም። በዚያ መጠን ባይሆንም ባለ አራት ፎቅ ሕንፃም ያንኑ ሕግ ይከተላል፤ ስላምፕ ያልተለካለት፣ ኪዩብ ያልተወሰደለት ኮንክሪት ጥንካሬው በግምት ብቻ የሚታወቅ ነው።

አራተኛው ውኃ ነው። የገጠር መጠጥ ውኃ፣ አነስተኛ መስኖና የከተማ ፍሳሽ መስመር ከትልልቆቹ ተቋራጮች ይልቅ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደረጃ የሚመሩ ሥራዎች ናቸው። በወረዳ ቁልቁለት ለክቶ የቧንቧውን መስመር የሚያስይዝ ሰው ብዙ ጊዜ ዲግሪ ሳይሆን ሌቭልና ብርቱ እግር ያስፈልገዋል።

አምስተኛው የልኬትና የክፍያ ሰነድ ዝግጅት ነው። ተቋራጩ የሠራውን በቴክኦፍ ሺት ላይ በትክክል ካላሰፈረ ገንዘቡን አያገኝም፤ አማካሪውም በትክክል ካላጣራ ባለቤቱ ያልተሠራ ሥራ ይከፍላል። ብዙ የግንባታ ክርክሮች የሚነሡት ከስሌት ስሕተት ሳይሆን ከመዝገብ መጥፋት ነው።

ከእነዚህ ሌላ የውጭ አገር ሥራ አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የግንባታ ቦታዎች የቀያሽነት፣ የድራፍትስማንነትና የጥራት ተቆጣጣሪነት መደቦችን በብዛት የያዙት ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከፊሊፒንስ የሄዱ ባለሙያዎች ናቸው። ከኢትዮጵያ የሚሄደው ወጣት በአብዛኛው ወደ ቤት ውስጥና ወደ ጉልበት ሥራ የሚገባው በአእምሮው ስለሚያንስ አይደለም፤ አሠሪው አይቶ የሚያምነው የሙያ ማረጋገጫና በመሣሪያ የተፈተነ ልምድ ይዞ ስለማይሄድ ነው።

እንቅፋቶቹ

ሥራው ካለ ታዲያ ሠልጣኙ ለምን አይቀጠርም? ሦስት እንቅፋቶች ጎልተው ይታያሉ።

የመጀመሪያው የአሠሪው ልማድ ነው። ለቀያሽነትና ለንድፍ ሥራ የሚወጡ ማስታወቂያዎች «በሲቪል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ዜሮ ዓመት ልምድ» ሲሉ ይነበባሉ። ባለ ዲግሪው በቴክኒሺያን ደመወዝ ከተገኘ አሠሪው ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ያ ወጣት አራትና አምስት ዓመት የተማረው ለሌላ ሥራ ስለሆነ ዓይኑ ውጭ ውጭውን ያያል፤ የተሻለ ባገኘ ቀንም ይሄዳል። አሠሪው በየዓመቱ አዲስ ሰው ሌቭል አያያዝ ሲያስተምር ይኖራል።

ሁለተኛው የሥልጠናው ድርቀት ነው። በትብብር ሥልጠና ደንብ መሠረት ሠልጣኙ የተግባሩን ክፍል በድርጅት ውስጥ መማር አለበት። በተግባር ግን ደብዳቤ ይዞ ሳይት የደረሰው ልጅ ብዙ ጊዜ ስታፍ እንዲይዝ፣ ሜትር እንዲጎትት ወይም ፎቶ ኮፒ እንዲያመላልስ ይደረጋል፤ በመጨረሻው ቀን «በመልካም ሁኔታ አጠናቋል» የሚል ወረቀት ይፈረምለታል። ከዚያም የብቃት ምዘናውን፣ በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለውን፣ በተለማመዱት ጥያቄ ያልፋል። አሠሪው ሲቀጥረው መሣሪያውን ሴንተር ማድረግ እንደማይችል ያያል፤ ከዚያ በኋላ የደረጃ 4 ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ በእርሱ ይመዘናል። እዚህ ላይ መነገር ያለበት መራራ ነገር ወረቀቱን ያረከሰው ኮሌጁ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ሳያዩ የፈረሙት የሳይት መሐንዲሶችም ድርሻ አላቸው።

ሦስተኛው የአመለካከት ጉዳይ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጅ ያስፈለገው ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ስድቡ ቢጠፋም ንቀቱ መልኩን ለውጦ ይኖራል፤ ወላጅ ልጁ ቀያሽ ሆነ ተብሎ ሲነገረው «ወደፊት ይማራል» ብሎ ይመልሳል፤ እንዳልተማረ ቆጥሮታል ማለት ነው።

አንድ ተቃውሞና መልሱ

በዚህ ቦታ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «መሐንዲሱ ራሱ ሥራ አጥቶ እያለ ለቴክኒሺያኑ ስፍራ ይለቀቅ ማለት ወንድምን ከወንድም ማጋጨት አይሆንም ወይ?» የሚል ነው። ተቃውሞው ከራስ ወዳድነት የመነጨ አይደለም፤ ሥራ ያጣ ወጣት መሐንዲስ ያለባቸው ቤቶች ብዙ ናቸውና።

ሆኖም መሐንዲሱን በቴክኒሺያን መደብ ማቆየት እርሱንም አይጠቅመውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ፌሮ ሲቆጥርና ሜትር ሲይዝ የቆየ ምሩቅ የስሌት ትምህርቱ ይዘነጋዋል፤ በቴክኒሺያንነቱም ልዩ ችሎታ አላገኘም፤ ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል። በአንጻሩ ሥራው በሥርዓት የተከፋፈለበት ቢሮ በአንድ መሐንዲስ ሥር ብዙ ፕሮጀክት ሊይዝ ይችላል፤ ቴክኒሺያኑ ልኬቱንና መዝገቡን ሲሸከምለት መሐንዲሱ ማሰብ ለሚገባው ነገር ጊዜ ያገኛል። የመሐንዲሱ የሥራ ዕድል የሚሰፋው የቴክኒሺያኑን ወንበር በመውሰድ አይደለም፤ በእርሱ ትከሻ ላይ ቆሞ ከፍ ያለ ሥራ በመሥራት ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ በአንድ ዓመት የሚፈጸም አይደለም፤ ዛሬ በቴክኒሺያን መደብ ላይ ያለው ባለ ዲግሪም ይባረር ማለት አይደለም። ነገር ግን የሚቀጥለው ማስታወቂያ እንዴት ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ዛሬ ሊወሰን ይችላል።

ከማኅበሩ የሚጠበቀው

የመንግሥት ፖሊሲ እስኪለወጥ መጠበቅ አንድ መንገድ ነው። በማኅበሩ አባላት እጅ ያለው ሥልጣንም ግን ቀላል አይደለም፤ የሚቀጥረውም፣ የሚያሠለጥነውም፣ የሚፈርመውም አባሉ ነውና።

በመጀመሪያ፣ አባላቱ በሚመሩዋቸው ቢሮዎችና ሳይቶች የመሐንዲሱ፣ የቴክኒሺያኑና የድራፍትስማኑ የሥራ ዝርዝር ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። ለቴክኒሺያን መደብ የሚወጣ ማስታወቂያ የሙያ ደረጃንና የተግባር ፈተናን ይጠይቅ። ፈተናውም ቀላል ነው፤ አንድ የተዘጋ የሌቭል ዙር ሠርቶ ስሕተቱን እንዲያሰላ፣ ወይም አንድ የቢም ንድፍ ተሰጥቶት የፌሮ ዝርዝሩን እንዲያወጣ ማድረግ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ማኅበሩ ለትብብር ሠልጣኞች አንድ ዓይነት የተግባር መዝገብ ሊያዘጋጅ ይችላል። መዝገቡ ሠልጣኙ በእጁ የሠራውን ይዘረዝር፤ ስንት ጊዜ መሣሪያ እንደ ተከለ፣ ስንት ኪዩብ እንደ ሞላና እንደ መረመረ፣ ስንት የሾፕ ድሮዊንግ እንዳወጣ ይታይበት። አባሉም ያየውን ብቻ ይፈርም። አንድ ፊርማ እውነተኛ ከሆነ ከብዙ ምስክር ወረቀት ይበልጣል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ለቴክኒሺያኖችና ለድራፍትስማኖች የአባልነት ደረጃ ይከፈትላቸው። በብሪታንያ የምህንድስና ምክር ቤቱ የምህንድስና ቴክኒሺያንን ከመሐንዲሱ ጎን በራሱ ማዕረግ ይመዘግባል። በዓለም አቀፍ ደረጃም ለመሐንዲሶች የዋሽንግተን ስምምነት በ1989 እ.ኤ.አ. እንደ ተፈረመ ሁሉ፣ ለቴክኖሎጂስቶች የሲድኒ ስምምነት በ2001፣ ለቴክኒሺያኖች የደብሊን ስምምነት በ2002 እ.ኤ.አ. ተከትለዋል። ሌላው ዓለም ቴክኒሺያኑን በሙያው ቤት ውስጥ ሲያስገባው በደጅ የሚያቆምበት ምክንያት ለማኅበሩ የለውም።

በአራተኛ ደረጃ፣ መሸጋገሪያ ድልድይ ያስፈልጋል። ዐሥር ዓመት የቀየሰ ሰው ወደ ዲግሪ ትምህርት ሲገባ የቅየሳን መግቢያ ከጀማሪ ጋር እንዲማር ማስገደድ ጊዜውንም ክብሩንም ማባከን ነው። የቀደመ ዕውቀቱ ተመዝኖ እንዲያዝለት ማኅበሩ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሊመክር ይችላል። ድልድዩን የሚሻገሩት ጥቂቶች ይሆናሉ፤ ነገር ግን ድልድይ መኖሩን ማወቅ ላልተሻገሩትም ተስፋ ነው።

ለሠልጣኙም ሊነገረው የሚገባ አለ። አንድ ፕሮግራም ማወቅ ሙያ አይደለም፤ ፕሮግራሙ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል። የማይለወጠው ንድፍን ማንበብ፣ ልክን መጠራጠርና ሁለት ጊዜ መለካት፣ ያዩትን ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ መመዝገብ ነው። ቀያሹ ድራፍቲንግን፣ ድራፍትስማኑ የልኬት ሥራን፣ የላቦራቶሪው ሰው ሪፖርት አጻጻፍን ቢጨምርበት ሥራ በቀዘቀዘ ጊዜ የሚዞርበት ሁለተኛ በር ያገኛል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

የሲቪል ምህንድስና ቴክኒሺያንና የድራፍትስማን የሥራ ዕድል ምን ይመስላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሲጠቃለል፣ ሥራው አለ፤ ሥራውን ለባለሙያው የሚሰጠው ሥርዓት ግን ፈርሷል። ብዙኃኑ ወጣት ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በሚገባበት በዚህ ጊዜ ሥርዓቱ እንደ ፈረሰ ከቀረ፣ የሚጎዳው ሠልጣኙ ብቻ አይሆንም። ልምድ ያላቸው ቀያሾችና የንድፍ ሠራተኞች ጡረታ በወጡ ቁጥር የእጃቸው ዕውቀት ተረካቢ ሳያገኝ አብሯቸው ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ሕንፃም መንገድም በማን ተለክቶ፣ በማን ተመርምሮ እንደሚቆም ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። በሚቀጥለው ወር ከአባላቱ አንዱ የቀያሽ ወይም የድራፍትስማን ማስታወቂያ ማውጣቱ፣ አንድ ሠልጣኝም ደብዳቤ ይዞ በአንዱ ሳይት በር ላይ መቆሙ አይቀርም። ሥራው መጀመር ያለበት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።